ሴንሰሩ የሚያየው ኦክስጅን ነው፦ በቱርቦ መኪና ላይ የአየርና የቤንዚን ምጣኔን መከታተያ መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ አንድ የ2004 ሞዴል ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ ገዛሁ። የቀድሞው ባለቤት ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ክብ ጌጅ ገጥሞ ነበር፤ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ መብራቶች በግማሽ ክብ የሚሮጡባት። ነዳጅ ስረግጥ አረንጓዴው ይበራል። አረንጓዴ ከበራ ሞተሩ ቤንዚን አልጎደለውም ማለት ነው ብዬ፣ እሱን እያየሁ ልቤ ሞልቶ እነዳ ነበር። አንድ የሐምሌ ቀን ወደ ተራሮቹ የሚወስደውን አይ 70 አውራ ጎዳና ይዤ ዳገቱን ስወጣ መኪናው አንድ ጊዜ አስነጠሰና ኃይሉን ጣለ። ሞተሩ ወርዶ ሲፈታ የአንዱ ፒስተን ጠርዝ ቀልጦ፣ ፋሻዎቹ ቦታቸው ላይ ተጣብቀው ተገኙ። የቤንዚን ፓምፑ ደክሞ፣ ጭነት ሲበዛበት የሚፈለገውን ያህል መግፋት አቅቶት ኖሯል። አረንጓዴው መብራት ግን እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ድረስ አልጠፋም።

ጌጇ አልዋሸችም፤ ልትመልሰው የማትችለውን የጠየቅኋት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በራሴም በወዳጆቼም መኪኖች ላይ ለሥራው የሚሆነውን ሴንሰር እየገጠምኩ ንባቡን ስከታተል ቆይቻለሁ። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በዚያው ሱባሩ ላይ የተሠራ ነው። ቤንዚን በሚጠቀም ሌላ ቱርቦ መኪና ላይም ከጥቂት ማስተካከያ ጋር ይሠራል። ናፍጣ የራሱ ሕግ ስላለው እዚህ አላነሳውም።

መጀመሪያ ምስክሩን ማወቅ

ኦክስጅን ሴንሰር ቤንዚን አይቶ አያውቅም። የሚያየው በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን፣ ወይም ያልተቃጠለው ነዳጅ ለመቃጠል የጎደለውን ኦክስጅን ነው። "ቤንዚኑ ይህን ያህል ነበር" የሚለው ከዚያ ተነስቶ የሚደረስበት ግምት ነው። ስለዚህ ሴንሰሩን እንደ ምስክር ቁጠሩት፤ ቃሉ ይሰማል፣ መስቀለኛ ጥያቄም ይቀርብለታል።

አንድ ኪሎ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ይህ ሚዛን ላምዳ 1 ይባላል። ከ1 በታች ቤንዚኑ በዝቷል፤ ከ1 በላይ አንሷል። አብዛኞቹ ጌጆች ላምዳውን በ14.7 አባዝተው ያሳያሉ፤ ላምዳ 0.80 በጌጁ ላይ 11.8 ሆኖ ይነበባል። አሜሪካ ውስጥ ከማደያ የሚቀዳው ቤንዚን ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ያህል ኤታኖል ስለሚገባበት እውነተኛ ሚዛኑ ወደ 14.1 ዝቅ ይላል፤ ጌጁ ግን በዚያም ቤንዚን 14.7 ይላል። ሴንሰሩ የሚያውቀው ላምዳን ብቻ ነውና አልተሳሳተም። ሁለት ሰዎች ቁጥር ሲያወዳድሩ የሚያጨቃጭቃቸው ግን ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ለእኔ ቢሆን ሁሉም በላምዳ ቢያወራ እመርጥ ነበር። መካኒኩ ሁሉ በ14.7 ስለሚቆጥር ግን እዚህም በለመድነው እንሂድ።

ሴንሰሮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ቦሽ በ1976 ለአሜሪካ ገበያ በተሠራው ቮልቮ 240 ላይ ያስጀመረው ዓይነት ዛሬ ናሮውባንድ ይባላል። ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ያህል ያወጣል፤ ላምዳ 1 ላይ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይዘላል፤ መሃሉ 0.45 ቮልት ነው። "በዝቷል" ወይስ "አንሷል" ለሚለው ጥያቄ ፈጣን መልስ አለው፤ "በስንት?" ለሚለው ግን የለውም። ቱርቦ በሙሉ ግፊት ሲሠራ 11.5ም ሆነ 13.2 ቢሆን ቮልቱ የሚለያየው በጥቂት መቶኛ ቮልት ነው፤ የሴንሰሩ ሙቀት ሲለዋወጥም ያንኑ ያህል ይንቀሳቀሳል። አንደኛው ቁጥር ሞተሩን ሲያኖረው ሌላኛው ፒስተን ያቀልጣል፤ የእኔ ጌጅ ለሁለቱም ያው አረንጓዴ ታበራ ነበር።

ሁለተኛው ዋይድባንድ ነው። በውስጡ ጭስ የምትገባባት ትንሽ ክፍል አለችው፤ አንድ ፓምፕ ሴል በኤሌክትሪክ ኃይል ኦክስጅን እያስገባና እያስወጣ ክፍሏን ዘወትር ላምዳ 1 ላይ ለማቆየት ይታገላል። ለዚህ ትግል የፈሰሰው ኤሌክትሪክ ሲለካ ምጣኔው በቁጥር ይገኛል። መቆጣጠሪያ ሳጥን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ሁለት ሽቦ አውጥቶ በቮልቲሜትር ማንበብ አይቻልም።

አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው የእኔው ዓይነት ሱባሩ የፊት ሴንሰሩ ከፋብሪካው ዋይድባንድ ነው። "ታዲያ ሌላ ለምን?" የሚል አይጠፋም። አንደኛ፣ የተቀመጠው ከቱርቦው በፊት፣ ግፊትና ሙቀት በሚበረታበት ቦታ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ንባቡ ወደ 11 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በታች ምን እንደሆነ አይናገርም። ሦስተኛ፣ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ የሞተሩ ኮምፒውተር የሴንሰሩን ቃል መስማት ትቶ በተጻፈለት ሠንጠረዥ ብቻ ይሠራል። በጭንቅ ሰዓት የሚያርመው የለም ማለት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ኤልኤስዩ 4.9 የተባለው የቦሽ ሴንሰር ያለው የዋይድባንድ ጌጅ (ኪቱ አሜሪካ ውስጥ 200 ዶላር አካባቢ ነው)፣ ፊሌቶው ኤም 18 በ1.5 የሆነ የሚበየድ መቀመጫ ዳዶ፣ 22 ቁጥር ቁልፍ፣ መልቲሜትር፣ ከመኪናው የምርመራ ሶኬት ላይ ንባብ የሚያወጣ መሣሪያና ላፕቶፕ ወይም ስልክ። ሱባሩ ያለው ሰው ሮምሬይደር የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከታክትሪክስ ገመድ ጋር ቢጠቀም የሚያገኘው ዝርዝር ከተራው ስካነር ይበልጣል።

ቆየት ያለው ኤልኤስዩ 4.2 አሁንም በገበያ ላይ አለ። ከአብዛኞቹ መቆጣጠሪያዎች ጋር ሲሠራ በየጊዜው ንጹሕ አየር ላይ አውጥቶ ማስተካከል ይፈልጋል። 4.9 ግን የፋብሪካው ማስተካከያ መሰኪያው ውስጥ ስላለ ከብዙ ኪቶች ጋር ይህን አይጠይቅም፤ የኪታችሁን መመሪያ እዩ። ምርጫ ካላችሁ 4.9ን ያዙ። መሰኪያውን ቆርጣችሁ ሽቦውን በሌላ አትቀጥሉ፤ ማስተካከያውም አብሮ ይቆረጣል።

1. ከመግጠም በፊት መኪናውን መርምሩ

አብዛኛው ሰው ጌጁን ገጥሞ ከዚያ ችግር ይፈልጋል። ቀድማችሁ ብታጸዱ የሚያደናግራችሁ ነገር ይቀንሳል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በስካነር የአጭርና የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማካካሻውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሚዛኑን ለመጠበቅ በመቶኛ የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን ቤንዚን፣ አንብቡ። ሁለቱ ተደምረው በ5 በመቶ ውስጥ ከሆኑ ጥሩ ነው፤ 10 በመቶ ካለፉ ኮምፒውተሩ አንድ ጉድለት እየሸፈነ ነው። ፒ 0171 የሚለው ኮድ "ቤንዚን አንሷል"፣ ፒ 0172 ደግሞ "በዝቷል" ማለት ነው።

ማካካሻው ቆሞ ሲሠራ፣ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ላይ፣ ከፍተኛ ሆኖ በመንገድ ላይ የሚስተካከል ከሆነ ያልተቆጠረ አየር የሚስብ ቀዳዳ አለ። ከአየር መለኪያው እስከ ቴስታታው ያሉትን ቱቦዎችና ፋሼታዎች ሁሉ ፈትሹ። የቱርቦ መኪና ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ያው ቀዳዳ በሚኒሞ አየር ይስባል፣ ቱርቦው ሲገፋ ደግሞ አየር ይተፋል። በሚኒሞ ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ይሆናል፤ በግፊት ጊዜ ኮምፒውተሩ ቆጥሮ ቤንዚን የመደበለት አየር ስለጠፋ ቤንዚን የበዛበት ይሆናል። በአንድ መኪና ላይ ሁለቱን ተቃራኒ ምልክቶች አብራችሁ ካያችሁ መጀመሪያ የኢንተርኩለሩን፣ ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ፣ ቱቦዎች ጠርጥሩ።

ካንዴላዎቹንም ፍቱና እዩ። ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ይገባችኋል።

2. የሴንሰሩን ቦታ ምረጡ

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚገባው ውሳኔ ይህ ነው። ሴንሰሩ ከቱርቦው በኋላ፣ ጭሱን ከሚያጸዳው ከካታሊስቱ በፊት ይቀመጥ። ከቱርቦው መውጫ ከ60 እስከ 90 ሴንቲሜትር ቢርቅ ይመረጣል። ከቱርቦው በፊት ብታስቀምጡት የጭሱ ግፊት ንባቡን ያዛባዋል፤ ድብልቁ ከላምዳ 1 በራቀ መጠን መዛባቱም ይበዛል። ሙቀቱም ይገድለዋል፤ 4.9 ሴንሰር በዘላቂነት የሚችለው ጭስ ወደ 930 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከቱርቦው በፊት ይህን ማለፍ ቀላል ነው።

ከካታሊስቱ በኋላ ብታስቀምጡት ደግሞ ካታሊስቱ የተረፈውን ኦክስጅን ስለሚጠቀምበት የምታነቡት የሞተሩን ሳይሆን የካታሊስቱን ሥራ ይሆናል። በጭስ ማውጫው ጫፍ አጠገብ የሚገጥሙም አሉ፤ በሚኒሞ የውጭ አየር በማርሚታው በኩል ወደ ኋላ እየተመለሰ ይገባና ጌጁ 16 እና 17 ያሳያል።

አቀማመጡ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ዘንበል ያለ ይሁን፤ ከአግድም መስመር ቢያንስ 10 ዲግሪ ከፍ ይበል። ጠዋት ጭስ ማውጫው ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። የሴንሰሩ ማሞቂያ ውስጡን ወደ 780 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ በዚያ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ከነካችው ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። ከታች በኩል የተገጠመ ሴንሰር በሁለት ወር ውስጥ ሲሞት አይቻለሁ፤ ባለቤቱ "ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ነው" ብሎ ሻጩን ሲረግም ነበር።

3. ማስበየድና መግጠም

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉ፤ ብየዳ ኮምፒውተር ያቃጥላል። መኪናውን በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ሥር አትግቡ፤ መደገፊያ አድርጉ። ቢቻል ቱቦውን ፈትታችሁ ለበያጅ ውሰዱት። በያጁ መቀመጫውን ዙሪያውን ሳያቋርጥ ይበይድ፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ከቀረች በየጭሱ ምት መሃል አየር ትስባለች። ሲበየድ የድሮ ሴንሰር ወይም ብሎን በፊሌቶው ላይ ይጠመድ፤ አለበለዚያ ቀለበቱ ከክብነቱ ይዛባል።

የሴንሰሩን ፊሌቶ ብቻ ፀረ መጣበቅ ቅባት ቀቡት፤ ጫፉን አታስነኩ። ከ40 እስከ 60 ኒውተን ሜትር ባለው ኃይል ይጠበቅ። ጓርኒሲዮን ላይ ሲሊኮን የምትጠቀሙ ከሆነ ለኦክስጅን ሴንሰር የማይጎዳ የሚለውን ምረጡ፤ ተራው ሲሊኮን የሚያወጣው ትነት ሴንሰሩን ይመርዘዋል። ሊድ ያለው የእሽቅድምድም ቤንዚንም እንዲሁ።

የፋብሪካውን ሴንሰር አታንሱ፤ ሽቦውንም አትቁረጡ። ካታሊስቱን ወይም የብክለት መቆጣጠሪያውን ማስወገድ በአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ የተከለከለ ነው፤ በዴንቨር አካባቢም መኪናው የጭስ ምርመራ ይጠብቀዋል። ለብቻው የተገጠመ ዋይድባንድ ግን ምንም የሚነካው ነገር የለም።

4. ሽቦ

ፖዘቲቩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚመጣ 12 ቮልት፣ በኪቱ መመሪያ በተጻፈው ፊውዝ በኩል ይውጣ። ከቦቢና መስመር አትጥለፉ። ከቤንዚን ፓምፑ ሪሌይ ጋር አብሮ ቢነሳ እጅግ ጥሩ ነው፤ ሞተሩ ሳይሠራ ሴንሰሩ እየጋለ ውሃ አይጠብቅም። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ ሞተር እየሠራ ኤሌክትሪክ ያልደረሰው ሴንሰር ጥላሸት ይጠጣል። ጌጁን ለጥገና ካወጣችሁ ሴንሰሩንም አውጥታችሁ ቀዳዳውን በብሎን ዝጉ።

ነጌቲቩን የሞተሩ ኮምፒውተር መሬቱን ከሚያገኝበት ቦታ አስሩ። ይህን ያቃለለ ሰው በኋላ ሌሊቱን በላፕቶፕ ፊት ያድራል። ምክንያቱን በምሳሌ ላሳይ። የኤኢኤም ኤክስ ሲሪስ ጌጅ ወደ መመዝገቢያው የሚልከው ቮልት በ2.375 ተባዝቶ 7.3125 ሲደመርበት ምጣኔውን ይሰጣል። 2.0 ቮልት ማለት 12.06 ነው። ጌጁና መመዝገቢያው መሬታቸው ተለያይቶ መሃላቸው 0.2 ቮልት ልዩነት ቢፈጠር ያው ንባብ 12.54 ሆኖ ይመዘገባል። ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ቁጥር፣ ላፕቶፑ ላይ ሌላ! ኢኖቬት የሚባለው ደግሞ ሲገዛ የተሞላበት ልኬት ሌላ ነው፤ 0 ቮልት 7.35፣ 5 ቮልት 22.39 ነው። የእናንተን ኪት መመሪያ ሳታዩ የሌላ ሰው ቀመር አታስገቡ። ካሰራችሁ በኋላ በሚኒሞ ጌጁንና መዝገቡን ጎን ለጎን እዩ፤ ልዩነቱ ከ0.1 ካለፈ ተመልሳችሁ መሬቱን ፈትሹ።

5. ያለ ጭነት መፈተሽ

ሞተሩን አስነሱና ይሙቅ። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን ስለሚበዛለት 12 እና 13 ብታዩ አትደንግጡ። ሙሉ በሙሉ ሲሞቅ በሚኒሞም በቀላል ጉዞም ከ14.4 እስከ 15.0 መካከል እየተወዛወዘ 14.7ን ይዞራል። ውዝዋዜው ጤና ነው፤ ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ወዲያና ወዲህ ይለዋል።

ቀጥሎ በማርሽ ሆናችሁ እግራችሁን ከፔዳሉ አንሱ። ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይዘጋል፤ ጌጁ ወደ መጨረሻው ቁጥር ይሮጣል ወይም ሰረዝ ያሳያል። "ቤንዚን አለቀብኝ" ብሎ የደወለልኝ ሰው አለ። አላለቀም፤ እንዲያውም በነፃ የተገኘ የሴንሰር ፈተና ነው። በፍጥነት ጫፍ ከደረሰ ሴንሰሩ ንቁ ነው፤ እየተጎተተ ከወጣ አርጅቷል፣ አለዚያም ጥላሸት ይዞታል።

የቱርቦውን ትርፍ ግፊት ወደ ውጭ የሚተነፍስ ቫልቭ የገጠማችሁ ደግሞ ማርሽ ስትቀይሩ ንባቡ ለአፍታ ወደ 10 ሲወርድ ታያላችሁ። የተቆጠረው አየር በፉጨት ወጣ፤ የተመደበለት ቤንዚን ግን ገባ። ፉጨቱ የሚያስደስታችሁ ከሆነ ዋጋው ይህ ነው።

6. በጭነት መመዝገብ

ይህን በከተማ መንገድ አታድርጉት። ዳይኖ (መኪናው በቆመበት ጉልበቱን የሚለካ መሣሪያ) ያለው ጋራዥ ወይም የእሽቅድምድም ሜዳ ይሻላል። ሌላው አማራጭ ረጅም ዳገት ነው፤ ከፍ ባለ ማርሽ በተፈቀደው ፍጥነት ሞተሩን ማስጨነቅ ይቻላል። ላፕቶፑን ሌላ ሰው ይያዝ፤ የነጂው ዓይን ከመንገዱ አይነሳ።

ጌጁን በዓይን መከታተል አይበቃም። ቢያንስ የሞተር ዙር፣ የፔዳል መጠን፣ የቱርቦ ግፊት፣ የአየር መጠን፣ ቤንዚን የሚረጨው የኢንጀክተር ክፍት ጊዜ በመቶኛ፣ የማቀጣጠያ ጊዜና የማንኳኳት እርማት ከምጣኔው ጋር በአንድ መስመር ይመዝገቡ። ማንኳኳት የሚባለው ድብልቁ በሲሊንደሩ ውስጥ በሥርዓት መቃጠሉን ትቶ በራሱ ሲፈነዳ ነው፤ ኮምፒውተሩ ይህን ሲሰማ ማቀጣጠያውን ይቀንሳል። በ3ኛ ማርሽ ከ2,500 ዙር ጀምራችሁ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ እስከ ላይ ውጡ። ጭሱ ከቫልቩ ተነስቶ ሴንሰሩ ጋ እስኪደርስ፣ ሴንሰሩም እስኪመልስ ጥቂት መዘግየት ስላለ ምጣኔው ከሌሎቹ ቁጥሮች ትንሽ ወደ ኋላ እንደሚቀር አስታውሱ።

ስንት መሆን አለበት? ለእንዲህ ያለው ሱባሩ በሙሉ ግፊት ከ11.0 እስከ 11.8 እፈልጋለሁ። ከፍተኛው ጉልበት የሚገኘው 13 አካባቢ ነው፤ ታዲያ ለምን እንጨምራለን? ትርፉ ቤንዚን ሲተን ቃጠሎውን ያቀዘቅዛል፤ ማንኳኳትን ያርቃል፤ ፒስተንና ቱርቦ ያድናል። ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩ አዳዲስ ሞተሮች ከዚህ ባነሰ ቤንዚን በሰላም ይሠራሉ፤ የእነሱን ቁጥር ለዚህ፣ የዚህንም ለእነሱ አታውሱ።

7. መስቀለኛ ጥያቄ

ፓምፑ ከመቀየሩ በፊት ቢመዘገብ ኖሮ የእኔ መኪና መዝገብ ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያቅተኝም፤ በኋላ በአንድ ወዳጄ ተመሳሳይ ሱባሩ ላይ ያየሁት ይህ ነውና። በ3,500 ዙር 11.4፣ በ4,500 ዙር 11.3፣ በ5,500 ዙር 11.7፣ በ6,000 ዙር 12.2፣ በ6,300 ዙር 12.6። የቱርቦው ግፊት ወደ መጨረሻው እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ አልነበረም። የታለመው 11.4 ነው። ጉድለቱን ለማወቅ የተነበበውን ለታለመው አካፍሉ፦ 12.6 ሲካፈል ለ11.4 1.105 ይመጣል፤ ቤንዚኑ በ10 በመቶ ያህል ጎድሏል።

ለዚህ ሦስት ተጠርጣሪ አለ። የኢንጀክተሩ ክፍት ጊዜ 95 በመቶ ካለፈ ኢንጀክተሩ አቅሙን ጨርሷል። ካላለፈ የቤንዚን ግፊት መለኪያ እሰሩ። ያለ ቱርቦ ግፊት 3 ባር የሚሰጥ ሥርዓት ቱርቦው 0.9 ባር ሲገፋ 3.9 ባር ማሳየት አለበት። ግፊቱ ላይ መውጣት ሲገባው ቁጭ ካለ ወይም ከወረደ ፓምፑ ወይም የቤንዚን ፊልትሮው ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የአየር መለኪያው ቆሽሾ አየሩን አሳንሶ እየቆጠረ ይሆናል። በወዳጄ መኪና ፊልትሮው ነበር። የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም አስከፍቶ "ቤንዚን ጨምሩበት" ቢል ኖሮ የታመመውን ፊልትሮ በቁጥር ይሸፍኑለት ነበር።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህ ይከፋል። ንባቡ 11.5፣ 11.4፣ 14.2፣ 11.5 እያለ በአንድ ነጥብ ብቻ ቢዘል ቤንዚን አልጎደለም። አንድ ሲሊንደር ሳይቃጠል አልፏል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ከነኦክስጅኑ ወጣ፤ ሴንሰሩ ኦክስጅኑን አየና "ቤንዚን አንሷል" ብሎ መሰከረ። ይህን ያመነ ሰው ቤንዚን ይጨምራል፤ ድብልቁ ይበልጥ ለመቀጣጠል ያስቸግራል፤ ዝላዩ ይበዛል፤ እንደገና ይጨምራል። መድኃኒቱ ያለው ካንዴላው ላይ ነው። ክፍተቱን ለኩ፤ በዚህ ሞተር 0.7 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን፤ ቦቢናዎቹንም ፈትሹ።

ሦስተኛውን ሴንሰሩ ራሱ ሊነግራችሁ አይችልም። እሱ የሚያነበው የአራቱን ሲሊንደሮች ድምር ጭስ ነው። ሦስቱ 11.3 ላይ ሆነው አንዱ ኢንጀክተሩ ተደፍኖ 12.9 ቢሆን ጌጁ የሚያሳየው 11.7 ያህል ነው፤ ለእኔ እንኳን "ጥሩ ነው" የሚያሰኝ ቁጥር። ካንዴላ ፈትታችሁ ጎን ለጎን ደርድሩ ያልኩት ለዚህ ነው። የአንዷ ነጭ ሸክላ ከእህቶቿ ይልቅ የነጣና የተጠበሰ ሆኖ ከተገኘ ምስክርነቷ ከጌጁ ይበልጣል። የማንኳኳት እርማቱንም እዩ፤ ምጣኔው ያማረ ሆኖ ኮምፒውተሩ ማቀጣጠያውን ደጋግሞ እየቀነሰ ከሆነ ነጂው ፔዳሉን ይልቀቅ።

8. ስለ ከፍታ

ዴንቨርና አውሮራ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ላይ ናቸው፤ ከአዳማ ጋር ተቀራራቢ። በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ 83 አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 77። ተራው የቱርቦ ጌጅ ዜሮ የሚለው ካለበት ቦታ አየር ተነስቶ ነው። ስለዚህ 0.95 ባር ሲል ቱርቦው አየሩን በባሕር ወለል 1.94 ጊዜ፣ በዴንቨር 2.14 ጊዜ፣ በአዲስ አበባ 2.23 ጊዜ ጨምቆታል። ጌጁ ላይ ያው ቁጥር ቢሆንም የቱርቦው ድካምና የአየሩ ሙቀት አንድ አይደለም። የሞቀ አየር ማንኳኳትን ይጋብዛል። ኮሎራዶ ውስጥ ያለው ምርጥ ቤንዚን ደግሞ በአብዛኛው 91 ኦክቴን ነው፤ ኦክቴን ቤንዚኑ ማንኳኳትን የሚቋቋምበት ልክ ነው። በባሕር ዳርቻ ከተማ በ93 ኦክቴን የተስተካከለ ፕሮግራም ገዝቶ እዚህ የጫነ ሰው ምጣኔው 11.4 ስለሆነ ብቻ እፎይ አይበል።

4.2 ሴንሰር ያላችሁ በከፍታ ብዙ ለውጥ ወዳለበት ቦታ ስትዛወሩ ንጹሕ አየር ላይ እንደገና አስተካክሉት። ይህን ከጋራዥ ውጭ፣ ሌላ መኪና በማያጨስበት ቦታ አድርጉ።

9. ሴንሰሩን መጠበቅ

ቱርቦ መኪና ላይ ዋይድባንድ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ እንደ ካንዴላ ቁጠሩት። በየሞተር ዘይት ቅየራው እግር ከፔዳል አንስቶ ያንን የነፃ ፈተና መድገም፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ፈትቶ ጫፉን ማየት ይበቃል። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ቤንዚን እንደበዛ፣ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ዘይት እየተቃጠለ እንደሆነ፣ ነጭ ዱቄት ደግሞ ሲሊኮን ወይም የራዲያተር ፈሳሽ እንደገባ ይናገራል። በሚኒሞ የፋብሪካው ሴንሰር 14.7 እያለ አዲሱ ያለማቋረጥ 15.3 ካለ መጀመሪያ የብየዳውን ዙሪያ በሳሙና ውሃ ፈትሹ፤ ካልተገኘ ሴንሰሩን ቀይሩ። እኔ የተገጠመበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በወረቀት ላይ ጽፌ ኮፈኑ ውስጥ እለጥፋለሁ፤ አሁን ያለው ሦስተኛው ነው።